ባዶው ሃይላንድ እንደገና ሲሞላ፦ በጅዳና በመካ ሙቀት የፕላስቲክ ጠርሙስ አደጋው የት ላይ ነው?

አገር ቤት ዝናብ በሚወርድበት በሰኔና በሐምሌ ወር የጅዳ ሰማይ እሳት ይተፋል። ማለዳ ወደ ግንባታ፣ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ጽዳት ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ ከእጁ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አይለይም። ጠርሙሱ መጀመሪያ ከሱቅ ሲገዛ ዋጋው ከአንድ ሪያል ብዙም አይበልጥም። ውሃው ካለቀ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አይጣልም፤ ከውሃ ማቀዝቀዣው ይሞላል፣ ማታ ቤት ሲደርስ እንደገና ይሞላል፣ በሳምንቱ መጨረሻም ያው ጠርሙስ በያው ክዳን ሲያገለግል ይገኛል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ዕቃ የራሱ ስም አለው። በአንድ ወቅት በገበያ ላይ ከነበረ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም በመነሣት፣ የየትኛውም ፋብሪካ የውሃ ፕላስቲክ «ሃይላንድ» ይባላል። በገጠር መንገድ ዳር ሕፃናት መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶውን ጠርሙስ ሲለምኑ መስማት የተለመደ ነው። ለእነርሱ ዕቃው ለትምህርት ቤት የውሃ መያዣ፣ ለእናቶቻቸው ደግሞ የዘይት፣ የማር፣ የአረቄና የላምባ ማስቀመጫ ነው። የሚያገለግልን ዕቃ ያለመጣል ልማድ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ልማዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፍበት አገር ሲመጣ፣ አብረውት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ጠርሙሱ በፀሐይ ሲግል ወደ ውሃው የሚገባ መርዝ አለን? ስንት ጊዜ ቢሞላ ነው ጉዳት የሚያመጣው? የዘምዘም ውሃስ በምን ዕቃ ቢያዝ ይሻላል?

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይወራል፤ የሚወራው ሁሉ ግን እኩል እውነት አይደለም። በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፉት መልእክቶች መካከል «መኪና ውስጥ የዋለ ውሃ የጡት ካንሰር ያመጣል»፣ «በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ጠርሙስ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይለቃል» የሚሉት ይገኙበታል። መልእክቶቹ አዲስ ቢመስሉም ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት በላይ ነው። አንደኛው ወሬ መነሻው በአሜሪካ በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ አንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉ በሌሎች ተመራማሪዎች ተመርምሮ በሳይንስ መጽሔት የወጣ ባይሆንም፣ በኢሜይል ሲሰራጭ የተረጋገጠ እውነት ተደርጎ ተወሰደ። የዳዮክሲኑን ወሬ ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ሮልፍ ሃልደን እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በሰጡት ማብራሪያ ውድቅ አድርገውታል። ዳዮክሲን የሚፈጠረው ቆሻሻ በሚቃጠልበት ከፍተኛ ሙቀት እንጂ በማቀዝቀዣ ውስጥ አይደለም፤ እንዲያውም ቅዝቃዜ ኬሚካሎች ከፕላስቲክ ወደ ውሃ የሚያደርጉትን ጉዞ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሌሊት ውሃውን በበረዶ ቤት አቀዝቅዞ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ በዚህ ረገድ የሚሰጋበት ምክንያት የለውም።

ወሬው ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ግን ፕላስቲክ ወደ ውሃው ምንም አይለቅም ማለት አይደለም። የታሸገ ውሃና ለስላሳ መጠጥ የሚቀርብበት ስስና ጥርት ያለ ጠርሙስ የሚሠራው ፔት ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሲሆን፣ ከታች በኩል በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 1 ቁጥር ተጽፎበት ይገኛል። ይህ ፕላስቲክ ሲመረት አንቲሞኒ የተባለ ማዕድን ውህደቱን ለማፋጠን ይጨመራል፤ ጥቂቱም በጠርሙሱ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። በጀርመን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ በፔት ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ከምንጩ ከተቀዳው ውሃ የበለጠ አንቲሞኒ ይዞ ተገኝቷል። መጠኑ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 20 ማይክሮግራም ጣሪያ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር።

ሙቀት ሲጨመርበትስ? ይህን ጥያቄ ለጅዳና ለመካ ነዋሪ በሚጠቅም መልኩ የመረመሩት፣ እነርሱም በረሃ ውስጥ የሚኖሩት የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የታሸገ ውሃን በተለያየ የሙቀት መጠን አቆይተው፣ በአሜሪካ የተፈቀደውን በሊትር 6 ማይክሮግራም ለማለፍ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስልተዋል። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 176 ቀናት፣ በ65 ዲግሪ 38 ቀናት፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከሁለት ቀን ጥቂት ያለፈ ጊዜ ይፈጃል። የተዘጋ መኪና በጅዳ ቀትር ውስጡ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ሌሊቱን ግን ይቀዘቅዛል። ከቁጥሮቹ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ለአንድ ቀን መኪና ውስጥ የተረሳ ውሃ ጣዕሙ ይበላሽ እንጂ መርዝ አይሆንም። በአንጻሩ በካርቶን ተገዝቶ ሰገነት ላይ፣ በቆርቆሮ መጋዘን ወይም በጭነት መኪና ኋላ ለወራት የከረመ ውሃ ሊጠጡት የሚገባ አይደለም። ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ውሃም ቢሆን ስንት ሳምንት እንደቆየ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ፔት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መለስለስና ቅርጹን መሳት ይጀምራል። በሃይላንድ ትኩስ ሻይ፣ ቡና ወይም አጥሚት ሞልቶ ወደ ሥራ መሄድ፣ ወይም ጠርሙሱን «ጀርሙ ይሙት» በሚል በፈላ ውሃ ማጠብ የተለመደ ስሕተት ነው። ጠርሙሱ ሲጨማደድና ሲኮማተር ማየት ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ማቀዝቀዣ ላይ ተገልብጦ የሚቀመጠው ትልቁ ጋሎን ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። ሰማያዊ ቀለም ያለውና ጠንካራው ጋሎን በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከሥሩ 7 ቁጥር ይጻፍበታል። 7 ቁጥር «ሌሎች» ለሚባሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ሁሉ የሚሰጥ በመሆኑ ቁጥሩ ብቻውን ፖሊካርቦኔት መሆኑን አያረጋግጥም። ፖሊካርቦኔት ከቢስፌኖል ኤ የሚሠራ ነው፤ ይህ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ እንደ ኢስትሮጅን ሆርሞን የመሥራት ጠባይ አለው። በፔት ጠርሙስ ውስጥ ግን ቢስፌኖል ኤ የለም፤ ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በሕፃናት ጡጦ ላይ ይህን ኬሚካል ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን አንድ ሰው በቀን ያለ ስጋት ሊወስደው ይችላል ያለውን መጠን ቀደም ሲል ከነበረው 20,000 ጊዜ አሳንሶታል። ይህን ተከትሎም ኅብረቱ ኬሚካሉ ምግብና መጠጥ በሚነኩ ዕቃዎች ላይ እንዳይውል የሚያግድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ አጽድቋል። ሌሎች አገሮች በዚህ ፍጥነት አልተከተሉም፤ በሳይንቲስቶች መካከልም ክርክሩ አልተቋጨም። ለተራው ነዋሪ የሚበጀው፣ የተጫረ፣ የደበዘዘ ወይም ፀሐይ ላይ የሚውል ጋሎን ሲመጣለት እንዲቀየርለት መጠየቅና ጋሎን ውስጥ ትኩስ ነገር አለመጨመር ነው።

የማይክሮፕላስቲክም ነገር ሰሞኑን ብዙ ያነጋግራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፍሬዶኒያ ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች ከ9 አገሮች የተሰበሰቡ 259 ጠርሙሶችን መርምረው በ93 በመቶዎቹ ውስጥ የፕላስቲክ ብናኝ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች እጅግ ደቃቅ የሆነውን ብናኝ በሚለይ መሣሪያ ባደረጉት ምርመራ በአንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል ቅንጣት ቆጥረዋል። ጠርሙሱ በተጨመቀና ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብናኙ የሚጨምር በመሆኑ፣ አሮጌ ጠርሙስ ከአዲሱ ይብሳል። ብናኙ በሰው አካል ላይ ምን ያደርሳል ለሚለው ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ በታየው መጠን ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለና ምርምሩ መቀጠል እንዳለበት ገልጿል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። ፕላስቲክን ፈርቶ ውሃ መቀነስ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይገድላል። ጅዳ እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስመዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የሐጅ ሥርዓት በተከናወነበት ሰኔ ወር በመካ ታላቁ መስጊድ የተመዘገበው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ነበር። በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ያስታወቀ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የመጡና ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። በየዓመቱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር ማሠራት በሕግ የተከለከለውም ሙቀቱ ሰው ስለሚገድል ነው። የተጠማ ሰው ከአሮጌ ጠርሙስ በቀር ሌላ ከሌለው ከአሮጌው ይጠጣ።

በጠርሙሱ ውስጥ የሚራባው

የኬሚካሉ ወሬ ጎልቶ ሲሰማ በጥላው የተሸፈነ አንድ ሌላ ነገር አለ። ጠርሙስን ደጋግሞ በመሙላት በእርግጥ ሰውን የሚያሳምመው፣ በአብዛኛው፣ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ሳይሆን ከጠጪው አፍና እጅ የሚገባው ነው።

በሰው አፍ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዓይነቶች ይኖራሉ። አንድ ሰው አፉን ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ ሲጠጣ ጥቂት ምራቅና የምግብ ፍርፋሪ ተመልሶ ወደ ውሃው ይገባል። ከመጸዳጃ ቤት በኋላ በሳሙና ያልታጠበ እጅ ክዳኑን ሲይዝ ደግሞ ከአንጀት የሚወጡ ባክቴሪያዎች ይጨመራሉ። ጠርሙሱ ከታሸገበት ፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጉርጭት በኋላ ግን የፋብሪካው ንጽሕና አብቅቷል። ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ሲሆንና ምግብ ሲኖር አንድ ኢ.ኮላይ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከአንድ ተነሥቶ በ5 ሰዓት ውስጥ ከ32,000 በላይ ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ለባክቴሪያ የሚሆን ብዙ ምግብ ስለሌለው መራባቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የጅዳ አየር ደግሞ ከሙቀቱ በተጨማሪ ከባሕሩ የሚነሣ እርጥበት ስላለው፣ ክዳኑ ተዘግቶ የተቀመጠ ባዶ ጠርሙስ ውስጡ አይደርቅም።

ምግቡን የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። በሶን በስኳርና በውሃ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሮ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ደኅና አድርጎ ነቅንቆ መጠጣት ለኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ከአገር ቤት የመጣ ቀላልና ጠቃሚ ምሳ ነው። የገብስ ዱቄትና ስኳር ከጠርሙሱ ማዕዘንና ከክዳኑ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ግን ለባክቴሪያም ለሻጋታም ምሳ ይሆናል። ለበን፣ ጭማቂ፣ በረመዳን በመካና በጅዳ ጎዳናዎች የሚሸጠው ሱቢያ የነበረበት ጠርሙስም እንዲሁ ነው። ጣት ወደ ውስጥ ቢገባ ግድግዳው የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ያ ስስ ሽፋን ባክቴሪያዎች ተያይዘው የሠሩት ቤት ነው። በውሃ ማለቅለቅ አያስለቅቀውም፤ ብሩሽ ያስፈልገዋል፣ የሃይላንድ አንገት ደግሞ ለብሩሽ ጠባብ ነው።

በካናዳ ካልጋሪ ከተማ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጠርሙስ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ልጆቹ ጠርሙሳቸውን ሳያጥቡ ደጋግመው ይሞሉ ነበር። ከተወሰደው የውሃ ናሙና ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋው ውስጥ የባክቴሪያ ብዛት ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከአንዳንዶቹም ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ካልጋሪ ቀዝቃዛ አገር ናት፤ ትምህርት ቤቱም ንጹሕ ቧንቧ ነበረው። የጅዳን ሙቀት ለጨመረበት ሰው ውጤቱ የሚያሻማ አይሆንም።

የሚሞላውም ውሃ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ጅዳ ከቀይ ባሕር የጨው ውሃ አጣርታ የምትጠጣ ከተማ ናት፤ በኦቶማኖች ዘመን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የተተከለውን የማጣሪያ መሣሪያ ነዋሪው «ከንዳሳ» ብሎ ይጠራው እንደነበር አዛውንት ያወሳሉ። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው። ቤት የሚደርሰው ግን በብዙ ሕንጻዎች መጀመሪያ ከመሬት በታች ወዳለ ጉድጓድ፣ ከዚያም ጣሪያ ላይ ወዳለ ታንከር ገብቶ ነው፤ ቧንቧ ባልደረሰባቸው ሰፈሮችም «ዋይት» የሚባለው የውሃ መኪና ያመጣዋል። ታንከሩ በየጊዜው ካልታጠበና ክዳኑ ካልተገጠመ፣ ውሃው ውስጥ የነበረው ክሎሪን ሲጠፋ መከላከያው አብሮ ይጠፋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቧንቧ ሃይላንድ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ይዞ መዞር፣ ተቅማጥ በሄደና በመጣ ቁጥር «ምግብ ነው ያመመኝ» ለሚል ሠራተኛ ሊመረምረው የሚገባ ምክንያት ነው።

ጠርሙስን በጋራ መጠጣትም አለ። ሥራ ቦታ አንድ ሃይላንድ ከአፍ ወደ አፍ መዞሩ የፍቅርና የመተሳሰብ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ እምቢ ማለትም ነውር ይመስላል። ከምራቅ ጋር የሚተላለፉ በሽታዎች ግን ፍቅርን አይለዩም። በመካ ይህ ነገር ተጨማሪ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በሐጅ ጊዜ የተነሣው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በቀጣዮቹ ዓመታት ሱዳንንና ኢትዮጵያን አዳርሶ ነበር፤ ዛሬ ለሐጅ የሚመጣ ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስድ የሚገደደውም ከእንዲህ ዓይነት ታሪክ የተነሣ ነው። ጠርሙሱን ከከንፈር ሳያስነኩ ከላይ ማንቆርቆር፣ ወይም ለእያንዳንዱ በኩባያ መቅዳት፣ አብሮ መጠጣትንም ጤናንም ያስጠብቃል።

ለመሆኑ ጠርሙስን ደጋግሞ መሙላት ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነውን? አይደለም። ከአገር ቤት አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ቤተሰቦች የምንጭ ውሃን በጥርት የፔት ጠርሙስ ሞልተው ፀሐይ ላይ ለሰዓታት በማቆየት እንዲጠጡ ሲደረግ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። የፀሐይ ጨረርና ሙቀት አንድ ላይ ሆነው ጀርሙን ይገድላሉ፤ ዘዴው በዓለም ጤና ድርጅትም የታወቀ ነው። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ፀሐይ፣ ውጤቱ ግን ሌላ። ልዩነቱ በዳባት ጠርሙሶቹ ጥርትና ንጹሕ መሆናቸው፣ ውሃው ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ፀሐይ ላይ መዋሉ ነው። ከኬሚካሉ የሚመጣው ትንሽ ስጋት ልጅን ከሚገድል ተቅማጥ ጋር ሲመዘን ምርጫው አያስቸግርም።

በጅዳ የሚኖር ሠራተኛ ግን ከዚህ የተሻለ አማራጭ አለው። ብሩሽ የሚያስገባ ሰፊ አፍ ያለው የብረት ኮዳ በባብ መካ ገበያ በጥቂት ሪያል ይገኛል፤ በየማታው በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ ተከፍቶና ተደፍቶ ያድራል። ሃይላንድን የግድ ደግሞ የሚጠቀም ሰው ቢያንስ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ አያቆየው፤ ለውሃ እንጂ ለበሶና ለጭማቂ አያውለው፤ ሲሰነጠቅ፣ ሲጨማደድ ወይም ሲደበዝዝ ይጣለው። ክዳኑ ለብቻው መታጠብ አለበት፤ ሽታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዘምዘምና ዕቃው

በመካ ታላቁ መስጊድ ውስጥ፣ ከካዕባ 20 ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዘምዘም ጉድጓድ ጥልቀቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው በመስጊዱ ውስጥ በቧንቧና በማቀዝቀዣ ዕቃ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው በሚጥሉት ኩባያ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በኩዳይ አካባቢ በ700 ሚሊዮን ሪያል ወጪ የተገነባው የንጉሥ አብደላህ የዘምዘም ፕሮጀክት ደግሞ ውሃውን አጣርቶና አሽጎ ያከፋፍላል። ለተጓዦች በ5 ሊትር ዕቃ የታሸገው ይሸጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከፋብሪካው ውጭ ነው። ዑምራ አድርጎ የሚመለስ ሰው ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚያደርሰውን ዘምዘም ቀደም ሲል ለስላሳ መጠጥ በነበረበት ፕላስቲክ ሞልቶ ወደ ወሎ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐረር ይዞት ይሄዳል። ውሃው ቤት ደርሶ ለወራት ይቀመጣል፤ ለታመመ፣ ለአራስና ለሕፃን በማንኪያ ይሰጣል። እነዚህ ሰውነታቸው ባክቴሪያን ለመቋቋም ከሁሉ ይልቅ ደካማ የሆነ ሰዎች ናቸው። የውሃው ክብር ዕቃውን አያነጻውም። ከቆሸሸ ጠርሙስ ጋር የገባ ባክቴሪያ በዘምዘም ውስጥም ይራባል። የታሸገውን እንዳለ መውሰድ፣ ካልሆነም ያልተነካ አዲስ ዕቃ መጠቀም፣ ሲከፈትም ከጠርሙሱ በአፍ ሳይጠጡ በንጹሕ ብርጭቆ መቅዳትና በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ለበሽተኛው የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው።

ውሃ የሚመስለው ሌላው ነገር

ከላይ የተነገረው ሁሉ በሆድ ሕመም የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። የማያልፈው ግን ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ያልሆነ ነገር ሲቀመጥ ነው።

በጅዳና በመካ ቤቶች የጽዳት ፈሳሽ በትልቅ ጀሪካን ይገዛል። የቤት ሠራተኛዋ ከክሎሮክስ ወይም ከበረኪና ለመታጠቢያ ቤት የሚበቃትን ያህል ቀድታ በባዶ የውሃ ጠርሙስ ትይዛለች፤ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ አሲድም እንዲሁ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። በግንባታ ቦታ ቀለም ማቅጠኛና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ይያዛል። ፈሳሹ ቀለም የለውም ወይም ውሃ ይመስላል፤ ጠርሙሱም ውሃ ነኝ ይላል። ማንበብ የማይችል የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ጠርሙሱን የሚያውቀው በቅርጹ ነው። ትልቅ ሰውም ቢሆን ከሥራ ተጠምቶ ሲመለስ፣ ወይም በረመዳን ሌሊት ለሱሁር በጨለማ ሲነሣ፣ አንድ ጉርጭት እስኪውጥ ድረስ አይለየውም። አሲድና በረኪና ስም በሌላቸው ጠርሙሶች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሁለቱ ተሳስተው ከተደባለቁ ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የጽዳት ፈሳሽ ከመጣበት ዕቃ መውጣት የለበትም። አሠሪዎችም ቢሆኑ ለሠራተኛቸው የሚረጭ አፍ ያለውና የተጻፈበት ዕቃ መግዛት ይገባቸዋል፤ ከሆስፒታል ወጪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። የሚጣል ባዶ ሃይላንድም ተጨፍልቆ ቢጣል ሌላ ሰው አንሥቶ አይሞላውም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚደረገው ነገር የሰውን ሕይወት ይወስናል። አሲድ፣ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የጠጣን ሰው እንዲያስመልሰው ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። አሲድና በረኪና ሲመለሱ ጉሮሮን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላሉ፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ጣትን ጉሮሮ ውስጥ መክተት፣ ጨው የበዛበት ውሃ ማጠጣት፣ ወይም አገር ቤት እንደሚደረገው ዘይት ማጠጣት ጉዳቱን ያብሳል። አፉን በውሃ ማጠብ፣ ዓይኑን ወይም ቆዳውን ከነካው በሚወርድ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወዲያውኑ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። በመካ አውራጃ፣ ጅዳንም ጨምሮ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው፤ አምቡላንስ በ997 ይመጣል፤ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር ደግሞ 937 ነው። ዐረብኛ እምብዛም የማትችል ሠራተኛ «ሺሪብ ክሎሮክስ» ብትል፣ ክሎሮክስ ጠጥቷል ማለት ነውና፣ ነገሩ ወዲያው ይገባል። ወደ ሆስፒታል ሲኬድ የተጠጣበት ጠርሙስና ፈሳሹ መጀመሪያ የተገዛበት ዕቃ አብረው መወሰድ አለባቸው፤ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚወስነው በዕቃው ላይ የተጻፈውን አይቶ ነው።